ለአሥር ደቂቃ ጨረቃ የሚሆን መነጽር

ጥቅምት 9፣ ዓርብ። ማታ 1፡15

ሐጂ ሰይድ ዛሬም ስለ መነጽሩ ጠየቀኝ። አራተኛ ቀኑ። ካፈጠረ በኋላ፣ ቴምሩን እያላመጠ። የሰማይ መነጽር ይፈልጋል፤ ቀላል፣ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚወጣ፣ ቶሎ የሚተከል፣ ቶሎ የሚነሣ። በሩን ዘግቼ በሹክሹክታ መለስኩለት። ሹክሹክታ ሰልችቶኛል።

ያለፈውን ደብተር አቃጥየዋለሁ። አንተ አዲስ ነህና አንድ ጊዜ ልንገርህ። እኔ ዲዳ ነኝ። ከዚህ ግቢ ውጭ ቃል ካወጣሁ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር። በየካቲት፣ የተማረ ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ ሲገደል፣ ሐ.ሰ. (ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምጽፈው) በሩ ላይ ቆሞ ለወታደሮቹ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ዲዳ ነው፣ ጨርቅ ይጠቀልልልኛል አላቸው። አመኑት። ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ተምሬ፣ በአምሳ ሦስት ዓመቴ አቡጀዲ እጠቀልላለሁ። የእስላም ቆብ አደርጋለሁ። መጽሐፎቼ ምድጃ ገብተዋል።

መነጽሩ ለምን? ሐ.ሰ. የጨረቃ ምስክር ነው። ሃያ ዓመት። ረመዳን ሲገባና ሲወጣ ከጓሮው ጉብታ ላይ ቆሞ አዲሷን ጨረቃ ያያል፣ ለቃዲው ይመሰክራል፣ ከቂርቆስ እስከዚህ ያለው እስላም ሁሉ በሱ ቃል ይጾማል፣ በሱ ቃል ይፈታል። አሁን ጣልያኖቹ ለሹሞቻቸው የሚሠሩት ቤት ምዕራቡን ዘጋው። ሰው ሠፈሩን ካዛንቺስ ማለት ጀምሯል። በሁለት ግንብ መካከል አንድ ክፍተት ቀርታለች፣ የወጨጫ ተራራ የሚታይባት። ጨረቃ በዚያች ክፍተት የምትቆየው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ለአሥር ደቂቃ የሚሆን መነጽር። ምርጫው ለእኔ። ደስ ብሎኛል ልበል? ብሎኛል። ያናድደኛል።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10፡00

አርመኑ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድን። ሦስት ዕቃ አወጣ። ሐ.ሰ. ይጠይቃል፣ እኔ አፌን ዘግቼ እመረምራለሁ። ከዚህ የከፋ ቅጣት ማንም አላሰበም።

አንደኛው የመርከበኛ መነጽር። ናስ። አምስት ቦታ እየተመዘዘ ይረዝማል፣ ሲታጠፍ ኪስ ይገባል። አርመኑ መቶ እጥፍ ያጎላል እያለ ይምላል። ውሸት። ቢያጎላም ምን ይሠራል? በእጅ የተያዘ ነገር ባጎላ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ የአዛውንት እጅ ላይ ጨረቃ ትጨፍራለች። ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ቀለበት ሸጉጠውበታል፤ የመስታወቱ ዳር መጥፎ ስለሆነ ዳሩን ሸፍነው መሐሉን ብቻ ያሳያሉ። ጣቴን ከትቼ ቀለበቱን አሳየሁት። አርመኑ ወደ ሐ.ሰ. ዞር ብሎ ዲዳህ ከእኔ ሊበልጥ ነው እንዴ አለው። ሐ.ሰ. ጨርቅ ስለሚመርጥ ቀዳዳ ያውቃል ብሎ መለሰ። አርመኑ ሳቀ። እኔ ዲዳ ነኝ፣ አልሳቅሁም።

ሁለተኛው የጦር መነጽር፣ ባለ ሁለት ዓይን። ምልክቱ በሞረድ ተፍቋል። እውነቱን ልጻፍ፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር። ሰፊ ያሳያል፣ አይተከልም፣ አይፈታም፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ግን ያገሬው ሰው አንገት ላይ የጦር መነጽር ከተገኘ በሱ ምትክ የሚንጠለጠለው ገመድ ነው። ወደ ጎን ገፋሁት።

ሦስተኛው አጭር፣ ወፍራም፣ እንደ ጠርሙስ። ሦስት ጣት የሚሰፋ ንጹሕ መስታወት። አገሩን ጥሎ የሄደ ሐኪም የተወው ነው። ባለ ሦስት እግር የእንጨት መቆሚያ አለው፣ የናስ ክዳንም አለው። ነገሩን ገልብጦ ያሳያል፤ ለዚያም አርመኑ ተበላሽቷል ብሎ ጥግ ጥሎት ኖሯል። አልተበላሸም። የሰማይ መነጽር ሁሉ ይገለብጣል፤ ለሰማይ ላይና ታች የለውም። የሐ.ሰ.ን እጅጌ ሁለት ጊዜ ጎተትኩ። ይኼ ነው ማለቴ ነው።

በአንድ ጥቅል ጥሩ ሐር ለወጠው።

ጥቅምት 11፣ እሑድ። ማታ 1፡40

ጓሮ አወጣሁት። ከበር እስከ ጉብታው ሠላሳ ስምንት እርምጃ። ለመትከል አራት ደቂቃ። ብዙ ነው፤ አንዱን እግር በሽቦ አሥሬ ወደ ሦስት ማውረድ አለብኝ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ መግባት አለብን።

ጁፒተር በምሥራቅ ወጥቷል። ዓይኔን ሳስጠጋ አራቱ ጨረቃዎቹ በአንድ መስመር። ከየካቲት ወዲህ አይቻቸው አላውቅም። ማልቀስ ቃጣኝ፣ ወዲያው ተውኩት። ሰው ሲያለቅስ ድምፅ ያወጣል።

ሐ.ሰ. አየ። ማሻአላህ አለ። በሹክሹክታ ስንት ትንንሽ ነጥቦች አሉ አልኩት። ብዙ አለኝ።

ብዙ? አራት ናቸው። አራት ወይም ሦስት ወይም ሁለት ይሆናሉ። ብዙ ሆነው አያውቁም።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ። ማታ 1፡00

ክዳኑን ሳላነሣ አስቀመጥኩት።

ጨረቃዋ ልትሞላ ተቃርባለች፣ ከሾላው በላይ፣ ግቢውን ሁሉ አብርታዋለች። መነጽሩን ወደሷ አዞርኩ። የናሱን ክዳን ከፊት ተውኩት። በዚያ ቧንቧ ውስጥ ከሬሳ ሳጥን ያላነሰ ጨለማ ነበር። ሐጂ፣ ተዘጋጅቷል፣ ይዩ አልኩት በሹክሹክታ። መጣ፣ ቧንቧውን ዳሰሰ፣ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ሱብሃነላህ። ጥርት ብላለች» አለኝ።

 ክዳኑን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ እየጻፍኩ እዳስሰዋለሁ።

አያይም። የጨረቃው ምስክር አያይም። ጥቅምት 2 አይቻለሁ ብሎ ሲመሰክር ሕዝቡ ጾም ያዘ። ከቂርቆስ ታች ሁለት ሰዎችም አይተዋት ነበርና ቃሉ እውነት ሆነ። እሱ ግን አላየም። ገመተ፣ ገጠመለት።

በጣም ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ። ጧት

እጽፈዋለሁ። ለአንድ ሰው ዕድሜህን በሙሉ አመስጋኝ ሆነህ መኖር ምን እንደሚመስል አንተ ደብተር አታውቅም። በየማዕዱ፣ በየጉርሻው። አንድም ቀን አላነሣብኝም። ያነሣብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሁን እኔም አንድ ነገር ያዝኩበት።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ። ቀትር

የሐ.ሰ. ልጅ ዘይነባ በግቢው ደጃፍ ባለው የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያዘችኝ። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ባሏ ጥሏት አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ሱቁን የምታቆመው እሷ ነች። ከሷና ከአባቷ በቀር አፍ እንዳለኝ የሚያውቅ የለም። ሰው አለመኖሩን አይታ ጠጋ አለችና ጋሼ፣ ያውቃሉ አይደል አለችኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎን አልኳት።

ነገረችኝ። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ከበር እስከ ጉብታው እርምጃ ይቆጥራል። አቡጀዲና ሐር በጣቱ ይለያል። ሰው በድምፁ። መነጽሩን የፈለገው አንድ የቀረ ጭላንጭል ካለች ትጎላለት እንደሆን ብሎ ነው። አልጎላችለትም። ለማንም አይንገሩብን፣ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም አለችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁና በሹክሹክታ፣ የአባትሽ ዓይን ቢጠፋ የጾመው ሕዝብ ምን በደለ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እርስዎ የሰው ስሕተት ይርብዎታል አይደል፣ ቁርስ ይመስል አለችኝ።

ጥሩ ተናገረች። ብትማር ጥሩ ተማሪ ይወጣት ነበር።

ጥቅምት 26፣ ሰኞ። ማታ 1፡30

ሁለት ነገር።

አንድ፤ ወረቀት መጣ። ያገሬው ሰው መነጽር መያዙ ስለተሰማ ቃዲው ለጣልያኑ ሹም አስረድቶ ፈቃድ ሆነ። በዚያው ሹሙ ነገሩን ወደደው። ኅዳር 1 ቅዳሜ ራሱ ከአስተርጓሚው ጋር ሊያይ ይመጣል። እሑድ ኢድ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ለእስላሞቹ ሰልፍና ሙዚቃ አዘጋጅቶ ጨርሷል። ጨረቃዋን ለእሑድ አዝዟታል።

ሁለት፤ ስለ ክዳኑ ነገርኩት። ጠብቄ፣ ካፈጠረ በኋላ፣ ዘይነባ በተቀመጠችበት። ክዳኑን ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ውስጥ ነው ጨረቃ ያዩት አልኩት።

አልደነገጠም። እያገላበጠ ዳሰሰው።

«አውቃለሁ» አለ። «ቧንቧውን ስዳስስ ጣቴ ነክቶታል። መስታወት እንዲህ አይሻክርም።»

ታዲያ ለምን አየሁ አሉ?

«ሰው ስትይዝ ደስ ይልሃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ያለህ ቀን የለም። ይኼን እንኳ ላድርግለት ብዬ ነው።»

ዘይነባ ሳቀች። በራሴ ላይ የተሳቀ ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ያልኩትን በትክክል እጽፋለሁ፣ እንዳልክደው። ቅዳሜ ያላዩትን አየሁ ቢሉ በሹሙ ፊት አፌን እከፍታለሁ አልኩት። በአማርኛም በጣልያንኛም። ሁለታችንን ይሰቅሉናል አለ። ይስቀሉን አልኩት።  ክዳኑን መለሰልኝና በቀስታ፣ በየካቲት ይኼ ዲዳ ነው ብዬ ስመሰክር ክዳን አልፈለግህም ነበር አለኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ።  

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ። ማታ 1፡00

ሒሳቡን ሠራሁ። ሠንጠረዥ የለኝም፣ ከጭንቅላቴ፣ በአቡጀዲ መጠቅለያ ወረቀት ላይ። ሦስት ጊዜ። ቅዳሜ ፀሐይ ስትገባ ጨረቃ ከተወለደች ገና ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናታል። ከፀሐይ ኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ትገባለች፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የወደቀች ፀጉር ነች። በየትኛውም መነጽር፣ በየትኛውም ዓይን አትታይም። እሑድ ግን ሕፃን ያያታል።

ስለዚህ እሑድ ሠላሳኛው የጾም ቀን ነው። ኢድ ሰኞ። ሹሙ ቢፈልግም ባይፈልግም።

ወረቀቱን ለሐ.ሰ. አነበብኩለት። አልጠየቀኝም። አነበብኩለት።

የመቆሚያውን እግር አስተካከልኩ። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ። ማታ 3፡00

ጽሑፌ ተበላሽቷል፣ ታገሥ።

11፡40 ላይ መጡ። ሹሙ፣ አስተርጓሚው፣ ሁለት የቃዲው ሰዎች፣ አምስት ወታደር። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አስተርጓሚው የዚሁ የቂርቆስ ልጅ ነው፣ ካባ ለብሷል፤ እዚህ እያለ ፍየል ይነዳ የነበረ ነው ይላሉ። መነጽሩን ተከልኩ። እንደ ዲዳ እየተደነቃቀፍኩ፣ አራት ደቂቃ ፈጅቼ። ክዳኑን አነሣሁ። ሐ.ሰ. እንዳነሣሁት በጣቱ አረጋገጠ። ማንም አላየውም፣ እኔ አየሁት።

ፀሐይዋ በክፍተቱ ገባች። ሐ.ሰ. ጎንበስ አለ። ከጀርባው ቆሜ የመቆሚያውን እግር ይዣለሁ። ሰማዩ እንደ መዳብ። ምንም የለም። ሒሳቤ አንድ ደቂቃ አልሳተም።

አስተርጓሚው ጌታው ቸኩሏል አለ። አየህ አላየህ?

«አላየሁም።»

ሹሙ አንድ ነገር አለ። ገብቶኛል፤ ሽማግሌው ያልታየው ለሰልፉ ያመጣሁት ሙዚቀኛ አንሶት ነው ወይ ነው ያለው። ወታደሮቹ ሳቁ። አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ሲያመጣው፣ ጌታው ደግመህ እይ ይልሃል፣ ነገ ኢድ ነው፣ አንተ የሚቀርህ ማየት ብቻ ነው አለ።

ሐ.ሰ. ቀና አለ። ወደ ሹሙ ያየ መስሎት ወደ ሾላው ዞሮ ተናገረ።

«አላየሁም። ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዓይኔ ጠፍቷል። ጥቅምት 2 አየሁ ያልኩትም ሐሰት ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

ይኼን እኔ አልጠየቅሁትም። ደብተር፣ ስማኝ፣ ይኼን አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት ያላየውን አየሁ እንዳይል ብቻ ነው።

ከአጥሩ ላይ አንዲት ሴት በሐሰት ነው ያስጾመን ስትል ሰማሁ። ከቃዲው ሰዎች አንደኛው ምራቁን መሬት ላይ ተፋ። ሌላኛው ጨዋ ነበር፣ ጫማውን አየ። አስተርጓሚው ሐ.ሰ.ን በጥፊ መታው። ሐ.ሰ. ከየት እንደመጣ ስላላየ አልሸሸም፤ ሙሉው አረፈበት። ቆቡ ወደቀ። አነሣሁለት። ዲዳ ቆብ ማንሣት ይችላል።

ሹሙ መነጽሩን እንዲያነሡ አዘዘ። ዕውር መነጽር ምን ያደርግለታል አለ፣ እውነቱን ነው። ቧንቧውን ወሰዱ። መቆሚያው ከባድ ስለሆነ ተዉት። ክዳኑ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሊወጡ ሲሉ አስተርጓሚው ቆመ። እኔን አየ። ከእግር እስከ ራስ። ይኼን ዲዳ በየካቲት ማን ነበር የመሰከረለት አለ። ራሱ መለሰ፤ አንተ። የጨረቃው ምስክር። በዕውር ዓይንህ።

ሐ.ሰ. ጉንጩ እያበጠ፣ ሳይቸኩል፣ «ዲዳ መሆኑን በዓይን አይደለም የማውቀው» አለ። «በጆሮዬ ነው። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ አንድ መልካም ቃል ሰምቼ አላውቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ። ግን ማክሰኞ ጧት ይዘኸው ትመጣለህ፣ የወታደር ሐኪም ያየዋል አለ። ዲዳ የሚመስሉ ሰዎች አሉ፤ ሐኪሙ የሚለይበት መንገድ አለው።

መንገዱን አውቃለሁ። መርፌ ነው። ከጀርባ ይወጉሃል፣ ሳታውቅ። ጮኸህ ቃል ካወጣህ አለቀ።

ልክ ነበርኩ። እኩለ ቀን ላይ ብትጠይቀኝ ልክ ነበርኩ፣ አሁንም ልክ ነኝ። ምስክርነቱን አፈረስኩት። የእኔም ሕይወት በዚያው ምስክርነት ላይ እንደተሰቀለ ሳልቆጥር ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ሒሳብ የሠራሁ ሰው።

ኅዳር 2፣ እሑድ። ማታ 1፡10

ወጣች። በክፍተቱ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለች፣ ያለ መነጽር። ሠፈሩ ሌላ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው ያየው። እልልታው ከወዲያ መጣ። ወደኛ ግቢ የመጣ የለም።

ሐ.ሰ. በጓሮው የመነጽሩን መቆሚያ ተደግፎ ተቀምጧል። ወጣች አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፣ እንደማያይ ረስቼ። የት ነች አለኝ። ጎረቤት አጥሩ ጋ ነበር፣ መናገር አልቻልኩም።  አመልካች ጣቱን ይዤ ወደ ክፍተቱ አቀናሁለት።

አሥር ደቂቃ። ከዚያ ገባች። ጣቱን ግን አላወረደም። ገብታለች የምልበት አፍ ስላልነበረኝ እንደተቀመጠ ተውኩት። በመጨረሻ ዘይነባ መጥታ አወረደችለት። እኔን አላየችኝም።

ኅዳር 3፣ ሰኞ። የኢድ ቀን። ከሰዓት 9፡00

ሰው አልመጣም። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ግቢው አይበቃም ነበር፤ እኔም ነበርኩ፣ ጥግ ላይ። ዛሬ አንድ ለማኝ ብቻ። ሐ.ሰ. አዲስ ልብሱን ለብሶ በሩን ከፍቶ ተቀምጧል፣ እግር ድምፅ ሲሰማ ቀና ይላል። የሚያልፍ ነው።

መሸሽ ይቻላል። ወደ ወጨጫ በኩል አርበኞች አሉ ይባላል። ማሰቤን ክጄ አልዋሽህም። ግን ማክሰኞ ዲዳው ከጠፋ ያንን ዲዳ ነው ያለውን ሽማግሌ ነው የሚይዙት። ሌላ የቀረው ምስክርነት የለም፤ ይኼ አንዱ ብቻ ነው። እሱን እንኳ እውነት ላድርግለት።

ወስኛለሁ። ከአሁን ጀምሮ በቤትም አልናገርም፣ በሹክሹክታም። አንተንም እዘጋሃለሁ፤ ዶሮ ቤቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ። ክዳኑም አብሮህ ይገባል።

ዘይነባን የጆንያ መርፌ ይዛ እንድትመጣ አደረግሁ። ከጀርባዬ እንድትወጋኝ በምልክት ነገርኳት። ገባት። ቶሎ ነው የገባት። ከጀርባዬ ቆማለች፣ እኔ እየጻፍኩ ነው፣ መቼ እንደምትወጋ አላውቅም።

የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ ነበር። «ወይ» አልኩ። ሞቼ ነበር፣ ሐኪሙ ቢሆን።

ሁለተኛው፣ ጎኔ። ትንፋሽ ብቻ።

ሦስተኛው ጠለቅ ያለ ነው። ስለ አባቷ ነው፣ አውቃለሁ። ድምፅ አላወጣሁም። ቀለሙ ላይ እጄ ተንሸራቶ ይኸው ይታይሃል።

ይብቃ አለችኝ። ድምፅዋ ለስልሷል። ከዚያኛው ክፍል ሐ.ሰ. ምን ሆናችሁ ይላል፣ ምንም ስላልሰማ። ምንም ስላልሰማ ነው የጠየቀው። ቀጥይ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላትና ጀርባዬን ሰጠኋት። አሁን አራተኛው